ስለ ቱቦ አልባ ዕጢዎች ሕመም አጠናን፤ ለነርሶች የፈቃድ ፈተና መዘጋጃ በሆኑ የጥያቄ መድበሎች ላይ የቀረበ ሒስ

በነርስነት ሙያ የሠለጠነ ተማሪ ሥራ ከመያዙ በፊት የሚያልፍበት በር በአገራችን እየጠበበ መጥቷል። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. አንሥቶ አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደርጓል። ሁለቱም በምርጫ ጥያቄ የሚሰጡ በመሆናቸው ተማሪው በመጨረሻዎቹ ወራት ዋናውን መጽሐፍ ያጥፍና ወደ ጥያቄ መድበል ይዞራል። መድበሎቹ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ፤ አዘጋጃቸው ማን እንደ ሆነ፣ ለየትኛው አገር ነርስ እንደ ተጻፉ ብዙ ጊዜ አልተመለከተባቸውም። መጽሐፍ ሲታተም ሒስ ይጻፍበታል፤ በእነዚህ ላይ ግን ሲጻፍ አላየንም። ዳሩ ግን ነርሱ ወደ ሥራው ሲሄድ በአእምሮው ትኩስ ሆኖ የሚገኘው ይኸው ያልተመረመረ ጽሑፍ ነው።

ከመድበሎቹ ምዕራፎች መካከል የመረጥነው ስለ ቱቦ አልባ ዕጢዎች፣ በውጭ ስሙ ኢንዶክሪን ስለሚባለው ክፍል የሚናገረውን ነው። በዚህ ምዕራፍ ተማሪው ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ነገር በቃሉ ይይዛል፤ ከያዘው ውስጥ ግን ወጥቶ በአገሩ ሰው ላይ ለይቶ የሚያየው ጥቂት ነው።

መለኪያ አድርገን የያዝነው ማሻን ነው። ማሻ ስንል በሸካ ያለችውን ከተማ ሳይሆን በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ያለችውን ነው። ይህ አገር ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚደረስበት፣ ከቦረና፣ ከአማራ ሳይንት፣ ከወግዲና ከከለላ ጋር ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘነብል፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚያርሱበት ደጋ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው። በመድበሉ የሠለጠነ ነርስ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎ በማሻ ቢመደብ፣ በደጃፉ የሚቆመውን በሽተኛ ያውቀዋልን?

፩. የመድበሉ ጠባይ

ቱቦ አልባ የሚባሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ንጥረ ነገር በቱቦ ሳያሳልፉ በቀጥታ ወደ ደም የሚለቁ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ፒቱታሪ፣ በአንገት ላይ ያለው ታይሮይድ፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለቱ አድሬናሎችና ኢንሱሊን የሚያወጣው የቆሽት ክፍል ናቸው። የሚለቁት ንጥረ ነገር ሆርሞን ይባላል። አብዛኞቹ በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ይኸውም ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሲያንስ አዛዡ ትእዛዙን ያበረታል፣ ሲበዛም ይገታል። ይህን ሕግ በሚገባ የያዘ ተማሪ የምዕራፉን አብዛኛውን ክፍል ከራሱ አውጥቶ ሊናገር ይችላል።

መድበሎቹ ግን ሕጉን በአንድ መሥመር ያልፉትና ወደ ሠንጠረዥ ይገባሉ። ሠንጠረዡ ሁለት ዐምድ አለው፤ በአንደኛው ሆርሞን ሲበዛ፣ በሁለተኛው ሲያንስ የሚታዩት ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ለሕመሙ ሁሉ እኩል መሥመር ይሰጠዋል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው የሚችለው የአድሬናል ዕባጭና በየቀኑ የሚያየው እንቅርት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ተማሪውም ይሸመድዳል፤ የኩሺንግ በሽተኛ ፊቱ እንደ ጨረቃ ይከብባል፣ የአዲሰን በሽተኛ ቆዳው ነሐስ ይመስላል፣ ኢንሱሊን በመርፌ ሲቀላቀል የጠራው ከደፈረሰው ይቀድማል።

ይህን አጠናን ጨርሰን አንነቅፍም። የተሸመደደ ነገር በሌሊት፣ በድካምና በድንጋጤ ጊዜ ይገኛል። ለብዙ ጊዜ የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት ሲወስድ ኖሮ በድንገት ያቋረጠ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሲመጣ፣ ያን አንድ መሥመር ያስታወሰ ነርስ ነፍስ ያድናል። የጠራው ይቅደም የሚለውም ትእዛዝ ቶሎ የሚሠራው ኢንሱሊን በሚዘገየው እንዳይበከል የሚጠብቅ ስለ ሆነ ከንቱ አይደለም።

ጉድለቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ጥያቄዎች በአሜሪካ ነርሶች ለሚፈተኑት፣ ኤንክሌክስ ለተባለው የፈቃድ ፈተና ከተዘጋጁ ልምምዶች የተወሰዱ ወይም በእነሱ አምሳል የተሠሩ መሆናቸው ከመልካቸው ይታወቃል። በጥያቄው ውስጥ ያለው በሽተኛ በቤቱ ማቀዝቀዣ አለው፤ የምግብ ባለሙያ ያማክረዋል፤ ሲያመው ስልክ ይደውላል፤ ነርሷም ሐኪሙን በአጠገቧ ታገኘዋለች። አሜሪካዊው አዘጋጅ ለአገሩ ነርስ ስለ ጻፈ አይወቀስም። በ1964 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚወጣው የብሩነርና የሳዳርዝ መጽሐፍም ለማን እንደ ተጻፈ አይሰውርም። የሚወቀሰው ጥያቄውን ገልብጦ፣ የበሽተኛውን ስም ብቻ አበበ ወይም ፋጡማ ብሎ ለውጦ፣ ለእኛ የሚያቀርበው ነው።

፪. እንቅርት

አማርኛችን ከቱቦ አልባ ዕጢዎች ሕመም አንዱን ከማናቸውም መጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል በመከራ ላይ መከራ መጨመሩን ለማመልከት መሆኑን ሕፃን እንኳ ይረዳል። ይህ ተረት በሕክምና ዓይን ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። ሁለቱም ከአንገት በላይና በአንገት ላይ የሚታዩ እብጠቶች ናቸው፤ ነገር ግን ጆሮ ደግፍ በተላላፊ ተሐዋሲ መጥቶ በቀናት የሚሄድ ሲሆን እንቅርት ቀስ ብሎ አድጎ ከሰው ጋር የሚኖር ነው። ተረቱ ኗሪውን አስቀድሞ መጤውን ከላዩ ማስቀመጡ፣ ሕዝቡ ልዩነቱን ጠንቅቆ ማወቁን ያሳያል። አንድ ሕመም ተረት እስኪሆን ድረስ መለመዱም ብዛቱን ይመሰክራል።

ብዛቱን ጥናቶችም አረጋግጠዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተሙ አገር አቀፍ ጥናቶች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶችም ከ100 ወደ 36 የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ዋናው ምክንያት የአዮዲን ማነስ ነው። አዮዲን ከአፈር በዝናብ ይታጠባል፤ ተዳፋትና የተሸረሸረ ደጋ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያጣዋል። ከማሻና ከአካባቢው ወደ ዓባይ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ብቻ ይዞ አይሄድም ማለት ነው። አፈሩ አዮዲን ካጣ እህሉም ያጣል፤ እህሉ ካጣ የሚበላው ሰውና የሚግጠው ከብት ያጣሉ።

የቀረው መንገድ በጨው ማምጣት ነው። የደጋው ሰው ጨውን ሁልጊዜ ከሩቅ ሲያስመጣ ኖሯል፤ ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በኋላ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያው በአፍዴራ ጨው ተሸፈነ፤ ያም በጊዜው አዮዲን አልነበረበትም። መንግሥት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204/2003 አዘዘ። የሕዝብና ጤና ጥናቶች እንዳሳዩት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች በ2011 እ.ኤ.አ. ከ100 15 ያህል ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 89 ያህል ሆኑ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ አንድ አይደሉም፤ ከፋብሪካ እስከ ወጥ ድስት ባለው መንገድም ብዙ ይጠፋል።

አሁን ወደ መድበሉ እንመለስ። እንቅርት የሚገኘው በአብዛኛው ሆርሞን በበዛበት ዐምድ ነው፤ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ሙቀት የማትችል፣ እየበላች የምትከሳ ሴት ትቀርባለች። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ስለሚደረገው ጥበቃ ነው፤ የመተንፈሻ መንገዷ እንዳይዘጋ፣ የካልሲየም መጠኗ እንዳይወርድ፣ እጇ እንዳይኮማተር መጠበቅን ይጠይቃል። ሁሉም እውነት ነው፤ መታወቅም ይገባዋል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና የወጣችውን ሴት ጉሮሮ መጠበቅ ስንማር፣ እንቅርቱ የመጣበትን የጨው ዕቃ መመልከት ሳንማር እንቀራለን።

ከሠንጠረዡ ይልቅ ሕጉን የያዘ ተማሪ ይህን ራሱ ይደርስበታል። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲያንስ ሆርሞኑ ያንሳል፤ ፒቱታሪ ሥራ ብሎ ያዛል፤ ዕጢው ትእዛዙን ለመፈጸም ያድጋል። ፈትል እንዳለቀበት ሸማኔ ነው፤ ትእዛዝ ሲበዛበት የሽመና ዕቃ ይጨምራል እንጂ ሸማ አይጨምርም። ስለዚህ የማሻዋ እናት እንቅርት በአብዛኛው የችግር እንጂ የትርፍ ምልክት አይደለም።

ከዚህ ሕግ የሚከተሉትን ነገሮች መድበሉ አይጠይቅም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ሲያንሳት የሚጎዳው የአንገቷ መልክ ብቻ ሳይሆን የልጇ አእምሮ ነው፤ ይህም ጉዳት በኋላ በሕክምና አይመለስም። አዮዲን በሙቀትና በፀሐይ ስለሚተን፣ ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ሊቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል ሊጨመር ይገባል። ጎመን አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ የሚያውክ ንጥረ ነገር ቢኖርበትም፣ የሚጎዳው በተለይ አዮዲን ሲያንስ ስለ ሆነ ሰውን ከጎመን መከልከል ሳይሆን ጨውን ማስተካከል ያሻል። ብዙ ዘመን የኖረና የተቋጠረ እንቅርት በጨው አይጠፋም። እንዲያውም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ እንደ ታየው፣ አዮዲን ያለበት ጨው በአገር ሲሠራጭ የቆየ እንቅርት ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሆርሞኑ በድንገት ሊበዛ ይችላል። እንግዲህ እንቅርት ያላት አሮጊት ልቧ እየመታ፣ እያላባት፣ እየከሳች ብትመጣ ነርሱ ቸል ሊል አይገባም።

የሕዝቡንም ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜን አገራችን ብዙ እናቶች አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንቅርት እንዳይወጣ ወይም እንዲጠፋ በማሰብም ነው። ንቅሳቱ ዕጢውን አይለውጠውም። ይሁን እንጂ ሴቲቱ ስለ አንገቷ አስባ አንድ ነገር እንዳደረገች ያስረዳል፤ ስለ ጨው የሚጀመረው ምክርም ከዚያ ሊነሣ ይችላል። በየትኛውም መድበል ውስጥ ይህን የሚያስጀምር ጥያቄ አላገኘንም።

፫. ቀጭኑ የስኳር በሽተኛ

በመድበሎቹ ስኳር በሽታ በዋናነት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፤ ሰውነት የራሱን ቆሽት ስለሚያጠቃ ኢንሱሊን ያልቃል፤ ሳይታከም ከቀረም ደም በኪቶን አሲድ ይመረዛል። ሁለተኛው ዓይነት ዕድሜው በገፋና ውፍረት ባለው ሰው ላይ ይታያል፤ ምክሩም ክብደት መቀነስና በእግር መሄድ ነው።

አሁን ከማሻ የመጣ የ25 ዓመት ገበሬ እናስብ። ልጅ አይደለም፤ ወፍራምም አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምግብ እጥረት አይቷል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ስለሚውል በእግር ሂድ የሚለው ምክር ያስቀዋል። ሌሊት ደጋግሞ ይሸናል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ቀበቶው እየላላ ሄዷል። የደም ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ሳለ ኪቶኑ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። በሁለቱ ዐምድ ውስጥ የዚህ ሰው ቦታ የት ነው?

የአገራችን ሐኪሞች ይህን ሰው ካዩት ቆይተዋል። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደር ገጠር ያዩአቸው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ወንዶች፣ ድኾችና ቀጫጭን መሆናቸውን በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ገልጸው፣ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና ሊከፈት አይገባምን ብለው ጠይቀዋል። እንደገና ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንዲህ ያለው በሽታ በ1955 እ.ኤ.አ. ከጃማይካ ተዘግቦ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምድቦቹ አንዱ አደረገው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ከምድቡ አወጣው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ዓይነት 5 ብሎ ተቀበለው። ስሙ በመጽሐፍ ሲገባና ሲወጣ፣ ሰውየው ግን ባለበት ቆሞ ነበር።

ይህ የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀን። ነርሱ ሠንጠረዡን ብቻ ያወቀ እንደ ሆነ በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንደኛ፣ የከሳውን ወጣት ሲያይ አሳቡ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ብቻ ይሄድና የደም ስኳሩን ሳይለካ አክታ እንዲያመጣ ያሰናብተዋል። የሳንባ ነቀርሳን መጠርጠሩ ልክ ነው፤ ስኳር በሽታ ራሱ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣልና። ነገር ግን አንዱን መፈለግ ሌላውን አያስቀርም። ሁለተኛ፣ ሕመሙን ካወቀ በኋላ በመጽሐፍ እንዳለው ወፍራም ሰው አድርጎ ምግብ ቀንስ ይለዋል፤ ወይም የሚበላው ሳይኖረው ብዙ ኢንሱሊን ይወጋዋል። በጎተራው እህል ለሌለው ሰው ኢንሱሊን ከበዛ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፤ ሌሊትም ከሆነ የሚያነቃው ላያገኝ ይችላል።

የጾም ነገርም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጿሚው እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በኋላ እህል አይቀምስም። በረመዳንም ሙስሊሙ ከጎሕ እስከ ፀሐይ መግቢያ ምግብና ውኃ አይቀምስም። መድበሉ ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይሰጣል ይላል። ትክክል ነው። ነገር ግን የማሻው ሰው ጧት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ምን እንደሚደርስበት ሕጉን የተረዳ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ነርሱ ከመጠኑ በፊት መጠየቅ ያለበት «መቼ ትበላለህ?» የሚለውን ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙማን አስተያየት አላቸው፤ ቄሱንና ሼኹን ተቃዋሚ ሳያደርጉ ከእነርሱ ጋር መምከር ከነርስነት ሙያ ውጭ አይደለም። ወደ ጸበል ለሚሄደውም እንዲሁ ነው፤ ኢንሱሊኑን ይዞ እንዲሄድ ማስማማት ትተህ ቅር ከማለት ይሻላል።

፬. አካሉና ቤቱ

ሠንጠረዡ ምልክት ሲዘረዝር በልቡ የያዘው አካል አለ። የአዲሰን በሽተኛ ቆዳው ነሐስ ይመስላል ይላል። ይህ የተባለው በነጭ ቆዳ ላይ ለሚታየው ለውጥ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር በሆነው የአገራችን ሰው ላይ ነሐስን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ መታየት ያለበት ድዱ፣ የከንፈሩ ውስጥ፣ የመዳፉ ሽንሽንና አዲስ የዳነ ጠባሳ መጥቆሩ ነው። በሽተኛውንም «መልክህ ተለውጧልን?» ብሎ፣ ቤተ ሰቡንም አስመስክሮ መጠየቅ ይገባል።

ታይሮይድ ሲያንስ ሰው ብርድ አይችልም ይላል። በማሻ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ ሁሉም ጋቢ ደርቦ ይገባል፤ ጋቢ መልበስ ምልክት አይሆንም። ምልክት የሚሆነው ሰውየው ከራሱ ከአምናው ሲለይ ነው፤ በቀትር ፀሐይ፣ ጎረቤቱ ሸሚዙን አውልቆ ሲያጭድ፣ እርሱ ከጋቢው ካልወጣ ያን ጊዜ መጠርጠር ይገባል። ስለ እግር ጥበቃም መድበሉ ልክ የሆነ የቆዳ ጫማ እንዲገዛ ያዛል። የገጠሩ ሰው የሚያደርገው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ያውም ሲያርስ ያወልቀዋል። ስለዚህ ሊማር የሚገባው ማታ እግሩን ታጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል አድርቆ፣ በመብራት እንዲያይ፣ ካልቻለም ልጁ እንዲያይለት ማድረግን ነው።

ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ ይቀመጣል የሚለው መልስ በፈተና ላይ ነጥብ ያስገኛል። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ግን ምን ይደረግለት? ምክንያቱን ያልተማረ ነርስ መልስ የለውም። ምክንያቱን የተማረ ግን ኢንሱሊን ፕሮቲን እንደ ሆነ፣ ሙቀትም በረዶም እንደሚያበላሸው፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት፣ የተከፈተው ግን ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ስፍራ ለ4 ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ያውቃል። እርጥብ አሸዋ በተደረገበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ውኃ ሲተን በሚፈጥረው ቅዝቃዜ፣ ጠርሙሱን ማኖር እንደሚቻልም ያስባል። ደጋው ለዚህ ከቆላው ይልቅ ይመቻል። ጠርሙሱ ውኃ እንዳይነካውና ከጣሪያ ሥር ካለ ሙቀት እንዲርቅም ያሳስባል።

በመጨረሻም «ሐኪሙን ጥራ» የሚለው አማራጭ አለ። በአገራችን አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የቆመ ነው። በሌሊት ተረኛ የሆነው ነርስ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሐኪም የለውም፤ እርሱ ራሱ የሚጠራው ነው። ያለው ምርጫ አሁን ምን ልጀምር፣ መቼ ልላክ፣ ከማን ጋር ልላክ የሚል ነው።

፭. ተቃውሞና መልስ

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። አንደኛው፣ ፈቃዱ አገር አቀፍ ነው፤ የማሻ ነርስ ነገ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሊሠራ ስለሚችል ሁሉንም ማወቅ አለበት የሚል ነው። እውነት ነው። እኛም ኩሺንግና አዲሰን ከትምህርቱ ይውጡ አላልንም። የምንለው፣ ቦታ ለለወጠ ነርስ የሚያገለግለው ከሠንጠረዡ ይልቅ ሕጉ ነው። የማሻን እንቅርት በሕጉ የተረዳ ነርስ በሌላ አገር የሚያየውን የታይሮይድ ሕመም በዚያው ሕግ ይረዳዋል፤ ነሐስ የሚለውን ቃል ብቻ የያዘ ግን ከአገሩም ከውጭም ይጎድላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ተማሪው የሚፈተነው በተጻፈለት ጥያቄ ነው፤ ቤተ ሰቡ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ መጀመሪያ ይለፍ፣ ከዚያ ይማር የሚል ነው። ይህን የሚሉ ጓደኞቻችንን አንወቅስም፤ እኛም በዚያው ወንበር ላይ ነን። ነገር ግን ፈተናን ከእውቀት የለየን ተማሪዎቹ አይደለንም፤ ጥያቄው ነው። ጥያቄው ከተስተካከለ ለማለፍ የተጠናውና ለመሥራት የተጠናው አንድ ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤

የ25 ዓመት ገበሬ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። ለ2 ወር ሲከሳ፣ ሲጠማውና ሌሊት ደጋግሞ ሲሸና ቆይቷል። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው። ቤተ ሰቡ ወባ ነው ይላሉ። በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ሀ) የወባ መድኃኒት ሰጥተህ ታሰናብታለህ። ለ) አክታ እንዲያመጣ ቀጠሮ ትሰጣለህ። ሐ) የደም ስኳሩን ወዲያው ትለካለህ። መ) ምንም ሳትጀምር ወደ ሆስፒታል ትልካለህ።

መልሱ ሐ ነው። ቀጥሎም በሽንቱ ኪቶን መኖሩን ማየት፣ በደም ሥር የጨው ውኃ መጀመር፣ ከዚያም ነርስ አብሮት ሆኖ መላክ ይከተላል። ይህ ጥያቄ ከአሜሪካው የቀለለ አይደለም፤ ስለ አሲድ፣ ስለ ውኃ እጥረትና ስለ ፖታሲየም የሚጠየቀውን ሁሉ ከኋላው ሊያስከትል ይችላል። ልዩነቱ በሽተኛው የምናውቀው ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

፮. ምን ይደረግ

የምናቀርበው አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምብያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያውን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። ትምህርቱ የተነሣው ተማሪው ከሚሄድበት አገር ሕመም ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በካርተር ማዕከል ድጋፍ የአገራችን መምህራን ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚሆኑ የትምህርት ጽሑፎችን አዘጋጅተዋል። የጎደለው፣ ይህ ልማድ እስከ ጥያቄው ድረስ መዝለቁ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ይህን ምዕራፍ የሚያጠና ተማሪ ሠንጠረዡን ከመክፈቱ በፊት የእያንዳንዱን ዕጢ ትእዛዝና መልስ በባዶ ወረቀት ላይ ሥሎ ያስረዳ፤ ያስረዳውን ያህል ብቻ ይሸምድድ። ቀጥሎ፣ በጥያቄው ሁሉ ፊት ሦስት ጥያቄ ያስቀድም፤ ይህ ሰው ከየት መጣ? ምን ይበላል? ከዚህ ወዴት ይላካል? እነዚህን መመለስ የማይቻልበት ጥያቄ ሰው የሌለበት ጥያቄ ነው። በመጨረሻም፣ በየትምህርት ክፍሉ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች በልምምድ ጊዜ ያዩትን ሕመም፣ የበሽተኛውን ስምና መታወቂያ አስቀርተው፣ በጥያቄ መልክ እየጻፉ ያከማቹ። ይህ መጽሔት ጥቂቶቹን እያተመ ቢያስተች ለሌሎች መነሻ ይሆናል።

ያነሣነው ጥያቄ በመድበሉ የሠለጠነ ነርስ የማሻውን በሽተኛ ያውቀዋልን የሚል ነበር። መልሳችን፣ ስሙን ያውቃል፣ ሰውየውን ግን ላያውቀው ይችላል የሚል ነው። ኢንሱሊን የጎደለው ወጣት አክታ እንዲያመጣ ተቀጥሮ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ በቀጠሮው ቀን የሚመጣው ዘመዱ ነው። በፈተና አንድ ጥያቄ የሳተ ተማሪ አንድ ነጥብ ያጣል፤ ያ ወጣት ግን የሚያጣው ነጥብ አይደለም። የሳትነው ካለ መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን ያርሙን።